የማይታጠፍ የአራስ ቅጠል

እትዬ ጆምሬ ግትር ናት። ይህንን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚቀጥለውን ማንም አያምነኝም። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከእኔ ትከሻ አያልፍም። ባሕር ውስጥ ከመጥለቅ ብዛት አንድ ጆሮዋ አይሰማም፤ የማትፈልገው ወሬ ሲመጣ ታዲያ ሁልጊዜ የምታዞረው ያንኑ ጆሮዋን ነው። እኔ ማልሱክ እባላለሁ። በአምስት ዓመት ስለምትበልጠኝ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትቆጣኝ ኖራለች፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ሙሉ መልስ ስሰጣት ኖሬያለሁ።

ሁለታችንም ወደ ጋልሜ መንደር በሙሽርነት መጥተን እዚሁ የቀረን ነን። ባሎቻችን በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሁለቱም በየተራቸው አልጋቸው ላይ ሞቱ፤ ለዓሣ አጥማጅ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። እኛ የምንኖረው ግን በሚዮክ ነው። ሚዮክ ከውሃ በታች ድንጋይ ላይ የሚበቅል የባሕር ቅጠል ነው፤ በሚያዝያ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ ሾርባ ይሆናል። የሚዮክ ሾርባ ያልጠጣች አራስ፣ አራስ ነኝ ብላ አፏን አትከፍትም። የፈሰሰ ደሟን ይመልሳል፣ ወተቷን ያወርዳል። ለአራስ የሚሄደው ቅጠል ደግሞ ወግ አለው። አይታጠፍም፣ አይሰበርም፤ ከደረቀበት ሰሌዳ ላይ እንደተዘረጋ እስከ አራሷ ጓዳ ይሄዳል። ዋጋም አይከራከሩበትም። ሻጯ የጠራችውን ገዢዋ እሺ ብላ ትከፍላለች፤ በሚወለድ ልጅ ዕድሜ ላይ አይከራከሩም።

ጋልሜ ዘጠኝ የሚዮክ ድንጋዮች ነበሯት፤ ሁሉም ስም አላቸው። ትልቋ እናት ድንጋይ ትባላለች፣ ከዳር ሰማንያ እርምጃ ያህል ገባ ብላ፣ ውሃው ሲሸሽ ጀርባዋ ብቅ ይላል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እኛ ጠላቂ ሴቶች በማህበራችን አዳራሽ እንሰበሰብና ዘጠኝ ዛጎል በሩዝ በተሞላ ገበታ ውስጥ እንቀብራለን። በየዛጎሉ ሆድ የአንድ ድንጋይ ስም ተጽፎበታል። እጅሽን ትከቺያለሽ፣ የደረሰሽን ታወጪያለሽ፣ ለዓመት ያ ድንጋይ ያንቺና የቤትሽ ነው። የወጣ ዕጣ አይለወጥም፣ አይሸጥም፣ አይመለስም። ከዚያ ብርዱ ሳይበረታ ወገብሽ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመሽ፣ እጀታው ከሰው ቁመት በሚረዝም የብረት መፋቂያ ድንጋዩን ትፍቂዋለሽ። የተጣበቀበትን ዛጎልና አረም ልቅም አድርገሽ ካላነሳሽ የሚዮክ ዘር አይዝም። አማቴ «የልጅሽን ፊት እንደምታጥቢ አድርገሽ ፍቂ» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን ልጆቼን እንደዚያ አድርጌ አጥቤ ቢሆን ኖሮ ፊት አይቀራቸውም ነበር።

ጆምሬ ሶራ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ከተማ አግብታ አስራ አንድ ዓመት ሳትወልድ ቆየች። ጆምሬ በየዓመቱ ካጨደችው ሁሉ ረጅሙን፣ ጥቁሩንና ወፍራሙን ትመርጥና ለብቻው ዘርግታ ታደርቀዋለች። ሳታጥፍ ቆጥ ላይ ታስቀምጠዋለች። «የሶራ ነው» ትላለች። በጋው ያልፋል፣ ከሶራ ወሬ የለም። የከረመ ቅጠል ለአራስ አይሆንምና በመከር ታወርደውና ለሌላ ሰው አራስ ትሰጠዋለች። የእኔም ምራት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የጠጣችው የሶራን ሚዮክ ነው። አስራ አንድ ዓመት! በዚህ ዳርቻ የሶራን ሚዮክ ያልቀመሰች አራስ ያለች አይመስለኝም። ጆምሬ አንድም ቀን ስታለቅስ አላየኋትም፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አልቅሼላታለሁ።

ባሕሩ እኛን መብላት የጀመረው ከደቡብ ያለው ወደብ ከተሠራ በኋላ ነው። የወደቡ ረጅም ክንድ አሸዋውን መንገድ ላይ ያዘብን። አሸዋ የቆመ ይመስላል እንጂ መንገደኛ ነው፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ነው የሚኖረው። ከደቡብ የሚመጣው ሲቀር፣ ማዕበሉ ያለውን እያፈሰ ወሰደው። መጀመሪያ ጥዶቹ አንድ በአንድ ተጋደሙ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተገመሰ። የእኔ ቤት በሰሜን ጫፍ የመጨረሻው ነው። ልጆቼ ሕፃናት ሳሉ ከደጃፌ እስከ ውሃው መቶ ሃምሳ እርምጃ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት አስራ ሁለት ቀረ። አንድ ጠዋት ስነሳ የአኩሪ አተር ድልህ ጋኖቼ ከነቆሙበት መደብ የሉም። የሰላሳ ዓመት ጋኖች! ዳር ላይ ቆሜ ባሕሩን ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሬ ሰደብኩት።

ያን ሰሞን ወረዳው መላ አመጣ። ከዳር ራቅ ብሎ ከውሃ ሥር የኮንክሪት ግድብ ይሠራል፣ ማዕበሉ እዚያ ይሰበራል፣ አሸዋው ከኋላው ይተኛል። ነገር ግን ድንጋዮቹ በሕግ የጠላቂ ሴቶች ማህበር ናቸውና ያለ ማህበሩ ማህተም ሥራው አይጀመርም። የማህበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ጆምሬ ናት፤ ማህተሙን ወገቧ ላይ በታሰረ ከረጢት ይዛ ነው የምትተኛው።

አዳራሹ ሞላ። የመንደሩ ሹም ቴሺክ፣ ከሆዱ በፊት ድምፁ የሚገባ ሰው፣ ከወረዳ የመጣውን መሐንዲስ ይዞ መጣ። መሐንዲሱ ትሁት ልጅ ነው፤ ካርታውን ወለሉ ላይ ዘረጋልን።

«ድንጋዮቻችንስ?» አለች ጆምሬ።

«ድንጋዮቹን ማንም አይነካቸውም እማማ። ግድቡ ከእነሱ ወዲያ ማዶ ነው።»

«ሰው አይነካቸውም፣ እሺ። አሸዋውስ?»

«አሸዋው ... ትንሽ ሊጠጋ ይችላል።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

ልጁ ካርታውን አየ። ካርታው መልስ አልሰጠውም። ላብ ሲያጠምቀው አሳዘነኝ፤ ውሸታም ቢሆን ኖሮ አንድ ቁጥር ይጠራልን ነበር።

ጆምሬ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ምን እንድል ትፈልጊያለሽ እትዬ? ቤቴ ነው።»

ብዙ አላሰበችም። ከረጢቷን ፈትታ ማህተሙን አወጣች፣ ትንፋሿን እፍ አለችበት፣ ቀይ ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ ጫነችው። «በኋላ እንዳትጨቀጭቂኝ» አለችኝ። እጇን ልስም ስጠጋ ገፍታ ጣለችኝ።

ግድቡ በሁለት ዓመት አለቀ። መዋሸት አልወድም፣ መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። አሸዋው ተመለሰ። በአንድ ክረምት ከደጃፌ እስከ ውሃው ስልሳ እርምጃ ሆነ። የከተማ ሰው በበጋ እየመጣ ጃንጥላ ተከለ፣ ቴሺክ የእንግዳ ክፍሎች ሠራ። በኮንክሪቱ ስንጥቅ ውስጥ እስከዚያ ያላየነው ብዛት ያለው ስምንት እግር የሚባል የባሕር እንስሳ መያዝ ጀመርን፤ ወጥመድ ስንከት እየተሳሳቅን ነበር።

ሚዮኩ ግን ታመመ። ሚዮክ የሚወፍረው ማዕበል ሲገርፈው ነው። ከግድቡ ወዲህ ውሃው እንደ ገንዳ ረጋ፤ ደለል ተኛበት፣ ድንጋዮቹ ላይ አረንጓዴ ልጋግ በቀለ። ቅጠሉ ቢጫና ልፍስፍስ ሆነ፤ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል። ለሆቴል ይሸጣል፣ ለአራስ ግን ብሰጥ እፍረቱ ይገድለኛል። አሸዋውም ትንሽ ይጠጋል የተባለው እየተጠጋ እየተጠጋ ሄዶ ግድቡ በተጀመረ በአራተኛው ዓመት እናት ድንጋይን ዋጣት። ጆምሬ ጠልቃ በእጇ ስትዳስስ ክርኗ ድረስ አሸዋ ነው ያገኘችው።

ያን ዓመት ጥቅምት ለዕጣ ስንቀመጥ ቴሺክ «የእናት ድንጋይን ዛጎል እናውጣው እንጂ፣ የሌለ ድንጋይ እንዴት ዕጣ ይጣልበታል?» አለ። እውነት ሲናገር የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እኛ አሮጊቶቹ ግን ተንጫጫን። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ጆምሬ ናት።

«ሞታለች ወይ? ተኝታለች እንጂ! አሸዋ የመጣበት ይሄዳል። ስሟን ከገበታ ካወጣን መልሰን በምን አፋችን ልንጠራት ነው?»

እኔም አጨበጨብኩላት። ዛጎሏ ሩዝ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀበረ። ጆምሬ በተራዋ እጇን ከተተች፣ አወጣች፣ ገልብጣ አነበበች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየባትም። ዛጎሉን ደረቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና «እናት ድንጋይ» አለች።

ከአዳራሹ ስንወጣ ክንዷን ያዝኳት። «እትዬ፣ የእኔ ዕጣ ደህና ድንጋይ ነው። ቢያንስ ውሃ አለው። እንቀያየር።»

«ዕጣ አይለወጥም።»

«ማን ያየናል?»

«አንቺ ታይኛለሽ። አንቺ ካየሽኝ ደግሞ መንደሩ ሁሉ አየኝ ማለት ነው።»

ምን ላድርጋት? ወር ሳይሞላ ሶራ ስልክ ደወለች። ጆምሬ የምትሰማበትን ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ ወጥታ ሄደች። እኔ ነኝ የሰማሁት። «አርግዣለሁ አክስቴ፣ ሦስተኛ ወር ውስጥ ገብቻለሁ፣ እስኪረጋ ብዬ ነው ያልተናገርኩት። ሰኔ ላይ እወልዳለሁ።» እልል አልኩ። ሮጬ ስወጣ ጆምሬ ጓሮ ውስጥ መፋቂያዋን በድንጋይ እየሳለች ነበር።

«አንቺ ሴት፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«ድንጋዬን ልፍቅ።»

«አሸዋውን ነው የምትፍቂው? አብደሻል?»

«የዘንድሮው የሶራ ከእኔ ድንጋይ ነው የሚሄደው። አስራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ሁሉ በልቶታል። ልጄ ልትበላው ስትል የለም አልላትም።»

እንዲህ ሆኖ ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ወረደች። ጎማ ልብሷን ለብሳ፣ አካፋ ይዛ፣ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ አሸዋ ትዝቃለች፤ የዛቀችውን ውሃው መልሶ ያፈሰዋል። ዳር ቆሜ ስጮህባት ደንቆሮ ጆሮዋን አዞረችልኝ። በሦስተኛው ቀን አንጀቴ አልችል ብሎ እኔም ገባሁ። ሁለት አሮጊቶች፣ ሁለት አካፋ! የቴሺክ እንግዶች ፎቶ አነሱን። የምግብ ገበታ የምታህል የድንጋይ ጀርባ ገለጥን፤ ጆምሬ ፋቀቻት፣ በመዳፏ አሻሸቻት። በነጋታው ግማሿ ተመልሳ ተሸፍናለች።

ሚያዝያ መጣ። ጆምሬ ብቻዋን ወረደች፣ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። መዳፏን ከፍታ አሳየችኝ፤ ሦስት ቅጠል፣ የጣቴን ያህል ርዝመት፣ ቢጫ። ቅጠሎቹን ውሃው ላይ መልሳ ለቀቀቻቸው። ሴቶቹ ሁሉ ካላቸው መርጠው ይዘውላት መጡ፤ አመሰገነች፣ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰች፣ ሁሉም እጇ ላይ ተልፈሰፈሰ።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገርም መጣ። ማዕበሉ የግድቡን ጫፍ ዞሮ በሰሜን በኩል፣ ማለትም በእኔ በኩል፣ እንደ አዲስ መቆፈር ጀመረ። ስልሳ እርምጃዬ በብርዱ ወራት ብቻ ወደ ሃያ ወረደ። ወረዳው ሁለተኛ ግድብ በቤቴ ትይዩ ላሠራ አለ። ወረቀቱ መጣ፣ እንደገና የጆምሬ ማህተም ተጠየቀ። «አትሚያለሽ አይደል?» አልኳት። «አትማለሁ፣ ምን ምርጫ አለኝ? ግን አሁን ሌላ ሐሳብ ላይ ነኝ» አለች። ሐሳቧ ሶራ ነበረች፣ ሰኔ ሊገባ ነውና።

«ሱጎል ዘንድሮ ጥቁር ሚዮክ ወጥቷል አሉ» አለችኝ አንድ ቀን።

ሳቅሁ። ሱጎል በሰሜን በኩል በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ያለች መንደር ናት፤ አሸዋ እንጂ አንድ ድንጋይ የላትም። ጀልባቸውን አሸዋ ላይ የሚጎትቱ ሰዎች ናቸው። በወጣትነታችን «የሱጎል ሴት ሚዮክ የምታውቀው ስትወልድ ብቻ ነው» እያልን እናሾፍባቸው ነበር። ጆምሬ ግን ኮቷን ደርባ ነበር፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዮክ ልትገዛ። ብቻዋን ልልካት አልቻልኩም።

ከአውቶቡሱ ስንወርድ የተሳሳተ ቦታ የወረድን መሰለኝ። ያ ሰፊ የሱጎል ዳርቻ የለም። ጀልባ ይጎተትበት የነበረው ቦታ ላይ ጥቁር ድንጋይ አፍጥጦ ወጥቷል፤ ማዕበሉ እየመጣ ይገርፈዋል፣ ድንጋዩ ላይ ሚዮክ ይወዛወዛል። ደጃፏ ላይ ሚዮክ የምትዘረጋ አንዲት ቀጭን ሴት አገኘን። ዎልሬ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከእኛ ዕድሜ አይርቅም። ከጋልሜ መምጣታችንን ስንነግራት ከቤት ውስጥ የገብስ ውሃ አምጥታ አቀረበችልን።

ጆምሬ ከተዘረጋው አንዱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ቀና አድርጋ በብርሃን አየችው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተሸበሸበ። «ጠላቂ ነሽ?» አለቻት።

«በስልሳ ስምንት ዓመቴ የተማርኩ ጠላቂ» አለች ዎልሬ እየሳቀች። «አሸዋችን ሲሄድ ከሥሩ ድንጋይ ወጣ። ጀልባ የምናወጣበት ስናጣ ወንዶቹ ጀልባቸውን ሸጡ። እኔ ምን ልሁን? ገባሁ።»

«አሸዋው የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል፣ አልመጣም እንጂ። እናንተ ጋ እየሰነበተ በኋላ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ እዚያው እናንተ ጋ ቀረ።»

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደችን። የቤቷ የኋላ ክፍል የለም። ወለሉን የሚያሞቀው የጭስ መተላለፊያ ተከፍቶ ጥርሱን እንዳወጣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ውሃ ነው። ልጇ ሚስቱን ይዞ ከተማ ገብቷል። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ትተኛለች። ይህንን ሁሉ ስትነግረን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህብን ይሻለኝ ነበር።

ጆምሬ «ማህተሙን ያተምኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ። ወረዳ ድረስ ሄጄ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ሶን ጆምሬ ይላል፤ ማህተሙ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው።»

አላስቻለኝም። «ለኔ ቤት ብላ ነው!» አልኩ።

ዎልሬ ወደ እኔ ዞረች። «የትኛው ነው ያንቺ ቤት?»

«በሰሜን ጫፍ ያለው።»

«ሰማያዊ ጣሪያ?»

«እሱ።»

«ከዚህ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ» አለች፤ በጣቷ አመለከተችኝ። እውነትም ጣሪያዬ በዳርቻው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እኔ ግን ከደጃፌ ሆኜ አንድም ቀን ወደ ሱጎል አይቼ አላውቅም። አፈርኩ።

ጆምሬ «ሳይታጠፍ የደረቀ አለሽ?» አለቻት። ዎልሬ ከክፍሏ በሰሌዳ ላይ የተዘረጋ አንድ ረጅም ቅጠል ይዛ ወጣች። እንዲህ ያለ ከእናት ድንጋይ እንኳ በደህና ዘመኗ አላየሁም። የጆምሬ ዓይን ተንከራተተ።

«ዋጋው?»

«ለአራስ ነው?»

«ለልጄ። የመጀመሪያዋ ነው። አርባ ዓመቷ ነው።»

ዎልሬ ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «አትከራከሪማ፣ አይደል?»

«የአራስ ቅጠል ነው። አልከራከርም።»

«እንግዲያው ገንዘብ አልፈልግም። ሁለተኛ ግድብ ሊሠራ ነው አሉ። እሱ ከተሠራ የቀረችኝ ወጥ ቤትም ትሄዳለች። አታትሚም። ዋጋው ይሄ ነው።»

ብድግ አልኩ። «ይሄ ምን ዓይነት ዋጋ ነው? ኧረ ሴትዮ፣ ገንዘብ ጥሪ! የፈለግሽውን ጥሪ፣ እኔ እከፍላለሁ! የሰው ቤት በቅጠል ይሸጣል?»

«የእኔስ በምን ተሸጠ?» አለች ዎልሬ።

«ማልሱክ፣ ተቀመጪ» አለች ጆምሬ።

«አልቀመጥም! ቤቴ እኮ ነው እትዬ! የምትከፍዪው በኔ ቤት ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ጆምሬ። «ዋጋውን ስሰማ ያንቺ ቤት መሆኑን አውቄያለሁ። ግን ተጠርቷል፣ ልከራከር አልችልም።» ሁለት እጇን ዘርግታ ሰሌዳውን ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

አውቶቡስ ውስጥ ሰሌዳው ሁለታችን ጉልበት ላይ ተጋደመ፤ አንዱ ጫፍ በእሷ በኩል፣ አንዱ በእኔ። አላናገርኳትም። እንዲህ ያለ ንዴት ባሌ ሲሞትም አልተናደድኩም። አንድ ጊዜ ጉልበቴን ባነሳው ቀሽ ብሎ ይሰበራል፤ የተሰበረ ቅጠል ለአራስ አይሆንም፤ ዋጋውም አብሮ ይፈርሳል። ይህንን አስቤዋለሁ፣ አልደብቅም። እጄንም ከሥሩ አስገብቼ ነበር። ሾፌሩ ለላም ይሁን ለምን እንደሆነ እንጃ ፍሬኑን በኃይል ያዘው። ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። ሳላስበው ሰሌዳውን በሁለት እጄ ወደ ላይ አነሳሁት፤ ግንባሬ ከፊት ያለው ወንበር ብረት ላይ ዷ አለ።

«ግንባርሽ ደማ» አለች ጆምሬ።

«ዝም በይና ቅጠሉን ያዢ!»

አልተሰበረም። አንዲት ስንጥቅ እንኳ የለውም። በግንባሬ ደም እየወረደ ሳየው እኔም ለሶራ አብሬ እየፈቅሁ፣ አብሬ እያደረቅሁ የኖርኩ መሆኔ ትዝ አለኝ፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ሁለቱንም ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ቴሺክ ወረቀቱን ጆምሬ ፊት አስቀመጠ፣ የቀለሙን ሣጥን ራሱ ከፈተላት። ጆምሬ ከረጢቷን አልነካችም።

«አላትምም» አለች።

«እማማ ጆምሬ፣ ቀልዱን ይተዉት።»

«መቼ ነው ከአንተ ጋር የቀለድኩት? ሱጎል ሄደህ አይተሃል? ሂድና የዎልሬን ጓሮ እይ።»

ቴሺክ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ ማልሱክ፣ ይናገሩ እንጂ! የእርስዎ ቤት ነው! ይሄ ግድብ ካልተሠራ ከመስከረም አያልፍም!»

ሁሉም አየኝ። ጆምሬ አላየችኝም፤ ወለሉን ነበር የምታየው። ብጮህ መንደሩ ከእኔ ጋር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጫና በዝቶባት ታትም ነበር። ግንባሬ ላይ ያለውን ፕላስተር ነካ ነካ አደረግሁ።

«ዋጋ ተጠርቶ ነበር» አልኩ። «እዚያው ነበርኩ። አልተከራከርንም።»

ቴሺክ ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ሴቶቹ ግን ገባቸው። አንዷ ከኋላ «ለሶራ ነዋ» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ወሬው አለቀ፤ ቴሺክ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ሶራ ሰኔ አጋማሽ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ጆምሬ ቅጠሉን በሰሌዳው ተሸክማ ከተማ ድረስ ሄዳ ሃያ አንድ ቀን ሾርባ አበሰለችላት። እኔ በዚህ መሃል ዕቃዬን አንድ በአንድ ወደ ጆምሬ ላይኛው ክፍል አጓጓዝኩ። መስከረም ላይ አውሎ ነፋሱ ሲመጣ ቤቱ ባዶ ነበር። ረፋዱ ላይ ወደቀ። ከጆምሬ ደጃፍ ቆመን አየነው፤ መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ጣሪያው መጨረሻ። አላለቀስኩም። ጆምሬ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ በኋላ ሳየው ጥፍሯ የገባበት ቦታ ጠቁሯል። እናት ድንጋይ እንደሆነ እስካሁን አሸዋ ለብሳ ነው ያለችው። የሱጎልም አሸዋ አልተመለሰም፤ የዎልሬ ወጥ ቤት ግን ቆማለች።

አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ነን። በሩዝ ውሃ መጠን እንጣላለን፣ በማንኮራፋት እንጣላለን። ጥቅምት ሲመጣ ዛጎሉ ይውጣ አይውጣ ብለንም እንጣላለን።

የሕፃኗን መቶኛ ቀን በወጋችን ለማክበር ሶራ ይዛት መጣች። ጆምሬ ከምድጃው አልነሳ ብላ «ማልሱክ ትቀበላት» አለች። ሶራ አምጥታ እቅፌ ላይ አኖረቻት። ከባድ ናት። ጉንጯ ተነፍቶ አፍንጫዋን ሸፍኖታል፣ ወተት ወተት ትሸታለች።

«ነይ እስቲ አንቺ» አልኳት። «አንቺ ነሻ ቤቴን የበላሽው! ከነጣሪያው! ከነወለሉ!»

ሶራ ደነገጠች። እናቷ አልነገረቻትም ነበር ለካ። «ምን እያለች ነው እማዬ?»

ጆምሬ ድስቱን ማማሰሏን አላቆመችም። «እውነቷን ነው» አለች።

ሕፃኗ ጣቴን በመዳፏ ጨበጠችና አልለቅም አለች። ለቤቴ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።